«ልጅ ደህና ነው»

ሰኔ 4 ቀን 1994

ይሄ ደብተር የተባረረ ደብተር ነው። ወንድሜ አንዷለም ጥበቃ የሚሠራበት ቢሮ ስሙ ተቀየረና በድሮው ስም የታተመ ወረቀት ሁሉ ይቃጠል ተባለ። ክልሉ ገና አዲስ ነው፣ ለቢሮዎቹ ስም ይወጣላቸዋል፣ ደግሞ ይቀየርላቸዋል። አያ አንዷለም ከሚቃጠል ብሎ ሦስት ደብተር በካፖርቱ ሥር ደብቆ አመጣ። ሁለቱን ሚስቱ እትዬ አስረሳሽ ለእሳት ማቀጣጠያ ወሰደች፣ አንዱን ቀማኋት። «ከስድስተኛ ያቋረጠች ሰው ደብተር ምን ይሠራላታል?» አለችኝ። ይሠራልኛል አልኳት። እልህ ይዞኝ ነው እንጂ ምን እንደምጽፍበት አላወቅኩም ነበር።

አሁን አወቅኩ። በግራ ብብቴ ውስጥ እብጠት አለ። ይኸው ጻፍኩት፣ አልሞትኩም።

የፋሲካ ሰሞን ሽምብራ ነበር የሚያህለው። ዛሬ ለውዝ ያህላል፣ ከነልጣጩ። አያመኝም። ለእትዬ አስረሳሽ ብቻ ነገርኳት፣ አያመኝም ስላት ጎሽ ትለኛለች ብዬ፣ እሷ ግን ዝም አለች። ከዛ «ንፍፊት ነው፣ እጅሽ ላይ ቁስል ይኖራል» አለችኝ። ጣቴን አንድ በአንድ አየን። ቁስል የለም። አጥር ስናጥር ቀርከሃ ወግቶኝ ነበር እኮ አልኳት። የወጋኝ ቀኝ እጄን ነው። እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አልነገርኳት።

ሰኔ 8

ቅዳሜ። ገበያ። የምሠራበት ወፍጮ ቤት አፍንጫው ድረስ ሞልቷል። ማሽላ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ማሽላ። እህሉን ወደ ላይ አንስቼ ስጨምር ግራ እጄ እምቢ አለኝ፣ ግማሹ መሬት ፈሰሰ። ባለእህሏ ሴትዮ ጮኸችብኝ። ባለወፍጮው አባ ጁምዓ መጣ።

«ያ ቢንት፣ አንተ ልጅ፣ እጅ ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«ምንም እህል አይደፋም። እጅ ታሟል፣ ሆስፒታል ሂድ። አዲስ ዶክተር አለ፣ ማሽን አለ፣ ሥጋ ውስጥ ያያል። እኔ ሚስት ሆድ አይቶ መንታ ነው አለ፣ ወላሂ መንታ ወጣ።»

አባ ጁምዓ የበርታ ሰው ነው፣ አማርኛው እንደዚህ ነው፣ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ይላል። ሆድ አይደለም እኮ ያመመኝ አልኩት። ማሽን ሆድ ይመርጣል እንዴ አለኝ።

ሰኔ 11

ሄጄ መጣሁ። ናፍጣ ስላለቀ ወፍጮው ቆሟል፣ ከጆንያው ኋላ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

አልትራሳውንዱ የሚሠራው ማክሰኞና ሐሙስ ነው። በሩ ላይ መጋረጃ፣ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ዳር እስከ ዳር እርጉዝ። አንድም ሆዷ ባዶ የሆነ ሰው የለም ከኔ በቀር። ወደ ኋላ ልመለስ አልኩና እልህ ያዘኝ። ለመቀመጥ ስል ማንን ባይ ጥሩ ነው፣ ጎረቤታችን እትዬ ሸዋሉል። ልጇን ቢታንያን ይዛ መጥታለች፣ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። እትዬ ሸዋሉል እንደኛው የወሎ ሰፋሪ ናት፣ ከመንደር 14 ወደ አሶሳ አብረን ነው የገባን፣ ያየችውን ነገር ይዛ ማደር አትችልም።

«ኧረ ኮከብ! አንችን ደሞ ምን እግር ጣለሽ እዚህ?»

«ልታይ ነው።»

«ምንሽን?»

ብብቴን ማለት አፈርኩ። አንዲት ቃል እኮ ናት። የሰው ባል፣ ወታደር፣ ምኑ ሁሉ በኮሪደሩ ያልፋል፣ እንዴት ብብቴን ልበል? «ሰውነቴን» አልኳት። እሷም «እ‑ህ» አለች፣ ረዘም አድርጋ።

በሩን የምትጠብቀው ሴትዮ ዐዋጢፍ ትባላለች። ስም ትጠራለች፣ መጋረጃ ትይዛለች፣ አልጋውን ትጠርጋለች። እሷም የበርታ ናት። «ኮከብ! ግባ! ፍጠን!» ስትለኝ ወንበሩ ሁሉ ሳቀ። አንዷ «ወንድ አደረገችሽ» አለችኝ። ዐዋጢፍ ምን እንደሚያስቃቸው አልገባትም፣ አብራ ሳቀች።

ዶክተሩ ደባልቄ ይባላል፣ ከጎጃም ነው የተመደበው፣ ገና ልጅ ነው። ግራ እጅሽን ከራስሽ ሥር አድርጊና ተኚ አለኝ። ቀዝቃዛ ነገር ብብቴ ውስጥ ሲያፈስብኝ ነፍሴ ልትወጣ። ከዛ ጎንበስ ብሎ አየና «ምንድነው ይሄ?» አለ። ዱቄት ነው! ጠዋት ታጥቤያለሁ ማርያምን፣ ግን የወፍጮ ዱቄት የት የማይገባበት አለ፣ ከዛ ቅባት ጋር ሲገናኝ ሊጥ ሆነ። እኔ ልሞት፣ እሱ እየሳቀ ጠረገልኝ። «ዳቦ ሳንጋግር ቶሎ እንጨርስ» አለኝ። የዛኔ ትንሽ ተነፈስኩ።

መጀመሪያ ጤነኛውን አሳይሻለሁ ብሎ በቀኙ ጀመረ። ቴሌቪዥን የመሰለ ነገር ላይ ዝናብ የያዘ ሰማይ የሚመስል ግራጫ ነገር ታየ። «ይሄ እጢ ነው፣ ሁሉም ሰው ብብቱ ውስጥ አለው። ባቄላ አይመስልም? መሀሉ ላይ ነጭ አየሽ? ነጭ ልብ ያለው ጥሩ ነው።» እውነቱን ነው፣ ቁጭ ባቄላ። ደስ አለኝ። ወደ ግራው ዞረ። ሦስት ናቸው። ተጣብቀዋል። ክብ ናቸው፣ ጥቁር።

«ነጩስ የት ሄደ?» አልኩት።

መሣሪያውን እያገላበጠ ቆየ። «እሱን ነው የማጣራው» አለ።

በመርፌ ወግቶ ቀዳና ትንሽ መስታወት ላይ ቀባው፣ አዲስ አበባ ይሄዳል። የዛሬ አራት ሳምንት፣ ሐምሌ 9፣ ውጤቱን እነግርሻለሁ፣ እንደገናም አይሻለሁ አለኝ። አድጎ ከሆነ አዲስ አበባ ትሄጃለሽ። ከዛ እየጻፈ ጠየቀኝ፣ «ከቤተሰብ ጡቷን ወይ ብብቷን ታማ የሞተች አለች?»

የለም አልኩት።

አልዋሸሁም። እናቴን ብርድ ነው የገደላት። ብርድ ነው ብለው ነው የነገሩኝ። ግራ ክርኗን ከጎኗ አርቃ ነበር የምትሄደው፣ እንቁላል የታቀፈች ይመስል። ይሄን ለዶክተር ይነግሩታል እንዴ? ምን አገናኘው።

ልብሴን ስለብስ ዐዋጢፍ ቀድማ ወጣች። እትዬ ሸዋሉል «ምን ሆና ነው ልጅቷ?» ስትላት በመጋረጃው ሰማሁ። ዐዋጢፍም «ዶክተር አይቷል። ልጅ ደህና ነው፣ አብሽር!» አለቻት። ደግ ሴት ናት። ደህና አለመሆኔን እያየች ደህና አለችልኝ።

ስወጣ ሁሉም ፈገግ ብለው አዩኝ። ቢታንያ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ «ተቀመጭ፣ አትቁሚ» አለችኝ። ሰው ጥሩ ነው እኮ።

ሰኔ 13

ሰው ምን ነካው? ወፍጮ ቤት ሴቶቹ እህል አያስነሱኝም። «ተይው፣ እኛ እናነሳዋለን።» እትዬ ሸዋሉል መጥታ ጆሮዬ ሥር፣ «ምን አማረሽ? ያማረሽን ተናገሪ፣ አትደብቂኝ» አለችኝ። ማንጎ አልኳት። ወቅቱ እያለፈ ስለሆነ ነው። ከሰዓት አራት ጥሬ ማንጎ ይዛልኝ መጣች፣ ጎምዛዛ። ስበላ ቆማ አየችኝ። ሁሉንም በላሁት። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሰኔ 15

ገባኝ።

ገባኝ!! የእርጉዝ ማሽን። ልጅ ደህና ነው። ማንጎ። ወየው ጉዴ ወየው።

አያ አንዷለም ከሥራ ሲመጣ ኮፍያውን እንኳ አላወለቀም። «የማነው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«አታሹፊ። ከተማው ሁሉ ሰምቶ እኔ ጥበቃ ላይ ቆሜ ከሹፌር ልስማ? የማነው ልጁ?»

«የማንም አይደለም። ልጅ የለም።»

«ዶክተሩ አይቶታል፣ ደህና ነው ብሏል!»

ክንዴን አንስቼ እየው ብለው ያልቅ ነበር። አላነሳሁም። አባቴ ቢሆን እንኳ ለወንድ ብብቴን አላሳይም። ደግሞስ ለምን አሳያለሁ? የለም ካልኩ የለም ነው። አንዴ ተናግሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልናገርም አልኩት። እጁን አነሳ። አልተነቃነቅኩም። እጁን አወረደና ወጣ። እትዬ አስረሳሽ ጓዳ ቆማ ነበር፣ ታውቃለች፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በዓይኔ አትናገሪ ብያታለሁ።

ለምን እንዳልኳት አላውቅም።

ሰኔ 20

ዐዋጢፍን ላገኛት ሄድኩ። ሐሙስ ነው፣ ወንበሩ ሙሉ ነበር፣ ሁሉም ሆዴን አየ። ወደ ጓሮ ጎተትኳትና ምን ብለሽ ነው የተናገርሽው አልኳት።

«ደህና ነው ብዬ!»

«ማን ነው ደህናው?»

«አንተ! ኮከብ! ኮከብ ልጅ አይደለም? ሽማግሌ ነው?»

ነገርኳት። በአማርኛ ስለ ሴት ሲሆን ልጅቷ ደህና ናት ነው የሚባለው፣ ልጅ ደህና ነው ስትይ የሆድ ልጅ ይመስላል። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ያ ሰላም! ያ ሰላም! እኔ አንተን አስረገዝኩ!» ከዛ ሁለታችንም፣ እኔ እንጃ፣ ሳቅ ያዘን፣ ግድግዳ ይዘን ሳቅን፣ ሆዴን እስኪያመኝ። ከፋሲካ ወዲህ ገና አሁን መሳቄ ነው። ስንጨርስ «አሁን እሄዳለሁ፣ ለሁሉም እናገራለሁ፣ ብብት ነው እላለሁ» አለችኝ።

ተይ አልኳት።

«ለምን?»

ያሉትን ይበሉ አልኳት። ደንግጣ አየችኝ። እኔም በመንገድ ሳስበው ነበር። አረገዘች ሲሉኝ ይጠቋቆማሉ፣ ይስቃሉ፣ ማንጎ ያመጣሉ። ይሁን። እናቴን ሲያዩ ግን ዝም ነበር የሚሉት። ቤታችን ሲገቡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ዝም ከሚሉኝ ይስቁብኝ።

ፈርቼ አይደለም።

ሰኔ 23

ዝናብ። ወፍጮ። አሥራ ዘጠኝ ኩንታል። ጣቴ ሳላዝዘው ወደ ብብቴ ይሄዳል፣ እመታዋለሁ። አሁንም ለውዝ ነው። ከለውዝ ትንሽ ከፍ ይላል። አይልም።

ሰኔ 25

እትዬ ሸዋሉል ወፍጮ ቤት በሰው ፊት፣ «አይ ኮከቤ፣ ሆድሽ እኮ አልወጣም፣ ወደ ጀርባ ነው የያዝሽው» አለችኝ። «ወደ ብብት ነው» አልኳት። ሴቶቹ ሳቁ። ተናገርኩት እኮ! እንደ ቀልድ ሄደ። አባ ጁምዓ ግን አልሳቀም። ከዛ እስኪመሽ ከባድ ጆንያ በኔ ወረፋ አልመጣም፣ ራሱ አነሳው፣ ወገቡን ይዞ እየተራገመ።

ሰኔ 28

አያ አንዷለም ሁለት ሳምንት አላናገረኝም ነበር። ዛሬ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አልጋዬ ላይ ወርውሮ ወጣ። ከፈትኩት። ትንሽ ብርድ ልብስ። ቢጫ፣ ጥንቸል ያለበት። «ለብርዱ ነው» አለ ከደጅ፣ ሳይዞር። ክንዴን እንኳ አይሸፍንም! ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ፣ አውጥቼ ጭቃ ውስጥ ልጥለው ነበር።

አልጣልኩትም። ለስላሳ ነው።

ከጓዳ ሰማሁት፣ እትዬ አስረሳሽን ሲላት። «ስድብም ከሆነ ለኔ ይሁን። ልጅ ነው። ልጅ ያድጋል። ከሌላ ነገር ልጅ ይሻላል።» ሌላ ነገር ምን? ድስት ስታማስል ብቻ ነው የሚሰማው፣ ድስቱ ውስጥ ምንም እንደሌለ አውቃለሁ።

ሐምሌ 5

እትዬ አስረሳሽ ነገረችው። ማርያምን አትንገሪ ብያት ነበር።

ጓዳ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። «አንዱዬ፣ እውነቱን እወቀው። ልጅ አይደለም። ብብቷ ነው» አለችው።

«የቱ?»

«ግራው።»

ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ።

መጣ። ያሰብኩት ይቅርታ ይለኛል ብዬ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። «የቀጠሮው ወረቀት የታለ?» አለኝ። ከደብተሩ መሀል አውጥቼ ሰጠሁት። ለሁለት ቀደደው። እንደገና ቀደደው።

«አትሄጅም።»

«ለምን?»

«እማዬን እኔ ነኝ ሐኪም ቤት የወሰድኳት። በቃሬዛ አይደለም፣ በእግሯ! ጠዋት ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ በእግሯ ሄደች። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገራት። ስሙን በሰማች ማግስት ተኛች። አልተነሳችም። ባልወስዳት ኖሮ…»

«ብርድ ነው ብላችሁኝ ነበር።»

«ስምንት ዓመትሽ ነበር ኮከቤ፣ ምን ልበልሽ?»

አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር የዛኔ። ወንድሜን እንደዚህ አይቼው አላውቅም፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሕፃን ልጅ መሰለኝ። ላቅፈው ፈለግኩ፣ እጁ ላይ ያለውን ብጭቅጫቂ ወረቀት ሳይ ግን ደሜ ፈላ። «ስሙ አይደለም የገደላት» አልኩት። «መዘግየቷ ነው። አንች ብብትሽን ለማን ታሳያለሽ እየተባለች ነው የዘገየችው። እኔ እማዬ አይደለሁም። ወረቀቱን ነው የቀደድከው፣ ማክሰኞን አልቀደድከውም።»

ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ የተናገርኩት።

ሐምሌ 7

የቀጠሮውን ወረቀት በተቀቀለ ድንች ውሃ አጣብቄ ነበር፣ አልያዘም። ይቅር።

ቢሄዱ ምን ይነገራል፣ ባይሄዱ ምን ይነገራል። አልፈራሁም አልኩ እኮ። ለማን ነው የምዋሸው፣ ይሄን ደብተር የሚያነበው የለም። ፈርቻለሁ። ፈርቼም እሄዳለሁ።

ሐምሌ 9

ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ።

ጠዋት ሰውነቴን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፣ ወፍጮ ቤት ሳልገባ፣ ዱቄት ሳይነካኝ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ቀዩ ጭቃ ጫማ ያወልቃል። ጫማዬን በእጄ ይዤ ሄድኩ። አያ አንዷለም ሥራ ገብቷል። በሩን አልቆለፈብኝም፣ ይቆልፋል ብዬ ነበር።

ወንበሩ ሙሉ ነው። እትዬ ሸዋሉልና ቢታንያ አሉ። ወረቀት የለኝም አልኳት ዐዋጢፍን። «ወረቀት ምን ያደርጋል፣ እኔ ኮከብ ያውቃል» አለችኝና ስሜን ጻፈች። ተቀመጥኩ። እትዬ ሸዋሉል ጎኔን ነካ አድርጋ፣ «አባትየው አልመጣም?» አለችኝ። ሰው ይስቃል። ምላሴ ላይ መልስ ነበር፣ ሳላወጣው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አንድ ጥበቃ ታየኝ። ሙሉ የደንብ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ። አያ ነው። ሥራውን ጥሎ መጥቷል። ወደኔ አልመጣም። እርጉዞቹ መሀል ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ የቢሮውን በር እንደሚጠብቅ ሁሉ።

«ኮከብ! ግባ!»

ገባሁ። ከመተኛቴ በፊት ለዶክተር ደባልቄ፣ «ባለፈው የለም ያልኩህ አለች። እናቴ ናት። ግራዋን» አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀና ጻፈ። አልተቆጣኝም። እጄን ከራሴ ሥር አደረግኩ። ያ ቀዝቃዛ ነገር። ያ ዝናባም ሰማይ። ሦስቱ ነበሩ፣ አራተኛ ተጨምሯል፣ አንደኛው ትንሽ አድጓል። ከአፉ ሳይወጣ ራሴ አየሁት፣ ባቄላ ማየት ለምጃለሁ። አዲስ አበባን አሰብኩ፣ እማዬን አሰብኩ፣ ያን ጥንቸል ያለበት ብርድ ልብስ አሰብኩ።

ፖስታ አነሳ። «የአዲስ አበባው ደርሷል። ካንሰር አይደለም።»

አልሰማሁትም። ድገመው አልኩት።

«ካንሰር አይደለም። ቲቢ ነው፣ የእጢ ቲቢ።»

«እኔ እኮ አላስልም!»

«እጢ ላይ ሲሆን ላያስልም ይችላል። ይድናል። ግን መድኃኒቱ ስምንት ወር ነው፣ አንድ ቀን ማቋረጥ የለም። ትችያለሽ?»

«ትምህርት ነው ያቋረጥኩት እንጂ እልህ አላቋረጥኩም» አልኩት። አፌ ምን እንደሚል አላውቀውም። መሣሪያውን እየጠረገ ሳቀ። ሲያልቅ እንደገና በዚሁ እናያቸዋለን፣ ይጠፋሉ አለኝ።

ዐዋጢፍ መጋረጃውን ይዛ ቆማለች፣ ሁሉን ሰምታለች። ዓይኗ ሞልቷል። አጎንብሳ በሹክሹክታ፣ «ውጪ ይጠይቃል። ምን ልበል? ደህና ናት ልበል?»

«ያንኑ በይ።»

መጋረጃውን ገለጠችና በሙሉ ድምፅ፣ «ልጅ ደህና ነው!»

ወረፋው እልል አለ፣ ለሹፈት። አያ አንዷለም ግን ግድግዳውን ይዞ ቀስ እያለ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። እትዬ ሸዋሉል፣ «ኧረ በሞትኩት፣ ምን ሆኖ ነው? አጎት መሆን ያስለቅሳል እንዴ?» አለች።

የዛኔ ተናገርኩ። ድምፄ እንደዛ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። «ብብቴ ነው! ብብቴን ነው የታየሁት! እርጉዝ አይደለሁም፣ እብጠት ነው፣ ይድናል ተብያለሁ። ማሽኑ ብብትም ያያል!»

ጸጥ አለ። ዝም ሊሉኝ ነው አልኩ፣ ያ የፈራሁት ዝምታ። ቢታንያ ናት መጀመሪያ የሳቀችው። «ታዲያ አራቱን ጥሬ ማንጎ ምን አድርገሽ ዋጥሽው?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እትዬ ሸዋሉል ብቻ አልሳቀችም። እጇን ነጠላዋ ሥር አስገብታ ነበር፣ በቀኝ ጎኗ።

ከአያ ጋር በጭቃው አብረን ተመለስን። ጫማዬን እሱ ያዘልኝ። ቤታችን ሲታይ፣ «ማክሰኞ መቅደድ ያቅታል ለካ» አለኝ።

ሐምሌ 13

መድኃኒት። በየጠዋቱ ሐኪም ቤት ሄጄ እፊታቸው ነው የምውጠው። ሽንቴ ቀይ ሆነ! ጮኼ እትዬ አስረሳሽን ጠራኋት፣ ሞትኩ ብዬ። ለካ ከመድኃኒቱ ነው፣ ተነግሮኝ ነበር። እትዬ አስረሳሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዛ ለብዙ ጊዜ አቀፈችኝ።

ነሐሴ 2

ወፍጮ። ያቅለሸልሸኛል። አላቋርጥም።

ነሐሴ 20

ጣቴን አስገባሁ። ሽምብራ ነው። ሁለቴ ለካሁት። ሽምብራ።

ነሐሴ 26

ቢታንያ ወለደች፣ ወንድ። ገንፎ ልንበላ ሄድን። ቢጫውን ብርድ ልብስ አጣጥፌ ይዤ ሄድኩ። እትዬ ሸዋሉል ስትቀበለኝ፣ «ከልጄ የተረፈ ነው» አልኳት። ሴቶቹ ፈነዱ። እሷ ግን እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ፣ መጋረጃውን ዘጋች፣ እጄን ወስዳ ቀኝ ብብቷ ውስጥ አስገባችው።

ለውዝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥምቀት።» ያች ምላስ፣ ያች ከተማ የምታዞር ምላስ፣ እንደ ልጅ ተንተባተበች። «ኮከቤ፣ በዚህ ዕድሜዬ እዛ ወንበር ላይ ብቀመጥ ሰው ምን ይለኛል?»

«አረገዘች ይሉሻል» አልኳት። «አንች ነሽ ያስጀመርሽው።»

እየሳቀች አለቀሰች።

ነሐሴ 28

ማክሰኞ። እዚሁ ወንበሩ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። እትዬ ሸዋሉል ጎኔ ተቀምጣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር። አጠገባችን ያለች ልጅ እግር እርጉዝ አየት አድርጋት ጎረቤቷን ጠቀሰቻት። እጇን ያዝኩላት። ቀዝቃዛ ነው።

«ሸዋሉል! ግባ! ፍጠን!»

ሳቁ። ገባች። መጋረጃው ተዘጋ። አሁን እጇን ከራሷ ሥር እያደረገች ነው። አሁን ያ ቀዝቃዛ ነገር። አሁን በግራው ይጀምርላታል፣ ባቄላውን ያሳያታል፣ ነጭ ልብ ያለውን። ከዛ ወደ ቀኙ ይዞራል። ምን እንደሚያይ አላውቅም። ማንም አያውቅም።

ያቺ እርጉዝ ወደኔ ዞር ብላ፣ «ምን ሆነው ነው ሴትየዋ?» አለችኝ።

መጋረጃው ገና አልተገለጠም። «ልጅ ደህና ነው» አልኳት።